ከመጋረጃው በፊት ያሉት ሰዓታት፦ የኦፔራ ኮረስ ልምምድ፣ ክፍያውና የሥራ ሁኔታው

በጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» ሁለተኛ ገቢር የግብፅ ጦር ድል አድርጎ ሲመለስ መድረኩ በሰው ይሞላል። ሕዝቡ ያዜማል፤ ካህናቱ ያዜማሉ፤ በመጨረሻም የኢትዮጵያ ምርኮኞች ታስረው ይገቡና ምሕረት ይለምናሉ። ካህናቱ ሞት ሲፈርዱባቸው ሕዝቡ ይራራላቸዋል። ኦፔራው በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕዝቡንም፣ ካህናቱንም፣ ምርኮኞቹንም ሆነው የሚያዜሙት ሰዎች አንድ የጋራ መጠሪያ አላቸው፤ ኮረስ። የየራሳቸው ስም በማስታወቂያው ላይ አይወጣም።

ትዕይንቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከኋላው ያለው ሥራ ግን የሳምንታት ነው። ድምፃዊው መጀመሪያ ኖታውንና የጣሊያንኛውን ግጥም በቃሉ ያጠናል። ከዚያ የኮረሱ አሠልጣኝ በፒያኖ እያስጀመረ ሶፕራኖዎቹን ለብቻ፣ ባሶቹን ለብቻ፣ ኋላም ሁሉንም ባንድ ላይ ያለማምዳል። ቀጥሎ አዘጋጁ ይመጣል፤ ማን በየት በኩል እንደሚገባ፣ ማን እንደሚንበረከክ፣ ሰንሰለቱን ማን እንደሚይዝ ወለሉ ላይ በተለጠፈ ባለቀለም ፕላስተር እየተመሩ ደጋግመው ይሠሩታል። ከኦርኬስትራው ጋር ተቀምጦ ማዜም፣ ከዚያ ከኦርኬስትራው ጋር በመድረክ ላይ ማዜም፣ በመጨረሻም ልብስ ተለብሶና ፊት ተቀብቶ የሚደረገው ሙሉ ልምምድ ይከተላል። ተመልካቹ ትኬት የሚቆርጠው ለዚያች አንድ ምሽት ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከምሽቱ በፊት ያሉትን ሰዓታት ይመለከታል። የትኞቹ ይከፈላሉ? በምን ስሌት? የማይከፈሉትስ በማን ጫንቃ ላይ ያርፋሉ? ጉዳዩ የኦፔራ ቤቶችን በየጊዜው የሚያናጋው ያለ ምክንያት አይደለም። የትርኢቱን ርዝመት የወሰነው የሙዚቃው ደራሲ ነው፤ የትኛውም ሥራ አስኪያጅ «አይዳ»ን በግማሽ ሰዓት ሊያስጨርስ አይችልም። ልምምዱን ግን ማርዘምም ማሳጠርም ይቻላል። በኦፔራ ወጪ ውስጥ እንደ ላስቲክ የሚሳበው ይኸው ክፍል ስለሆነ የአሠሪውም የሠራተኛውም ዓይን እዚያው ላይ ያርፋል።

## ቆሞ ከማዜም ወደ መጫወት

ኦፔራ በ1600 አካባቢ በጣሊያን መሳፍንት ቤት ሲወለድ ኮረስ ነበረው። የክላውዲዮ ሞንቴቬርዲ «ኦርፌዮ» (1607) ያለ ኮረስ አይታሰብም። ወጪው የመስፍኑ ስለነበር ሰዓት መቁጠር የማንም ጭንቀት አልነበረም። በ1637 ቬኒስ ውስጥ የሳን ካሲያኖ ቲያትር በሩን ትኬት ለገዛ ሁሉ ሲከፍት ነገሩ ተለወጠ። ከኪሳቸው የሚያወጡት ነጋዴዎች ሒሳብ ሲሠሩ ዝነኛ ድምፃውያኑን ይዘው ኮረሱን አብዛኛውን ጊዜ ተዉት። ኮረስ ዋጋ ያለው፣ ስለዚህም የሚቀነስ ነገር መሆኑ ከንግድ ኦፔራ ጋር እኩያ ነው።

ፈረንሳይ በሌላ መንገድ ሄደች። በ1669 የተቋቋመው የፓሪስ ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ ቋሚ ኮረስ ይዞ ቆየ። ሆኖም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ኮረስ በመድረኩ ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ እንደ ግድግዳ ሥዕል ሳይነቃነቅ የሚያዜም ነበር። ለእንዲህ ያለው ኮረስ ልምምድ ማለት ዜማ መያዝ ብቻ ነው። በ1828 የኦበር «ላ ሙዌት ደ ፖርቲቺ»፣ በ1836 ደግሞ የማየርቤር «ሌ ዩግኖ» ሲመጡ ኮረሱ ዓመፀኛ ሕዝብ፣ የሚማማል ሸንጎ፣ የሚገድልና የሚገደል ወገን ሆነ። በ1842 የቬርዲ «ናቡኮ»፣ በ1874 የሙሶርግስኪ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ይህንኑ አጠነከሩት። የልምምድ ክፍያ ጥያቄ የተወለደው ኮረሱ መራመድ የጀመረ ዕለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዜማውን የያዘ ሰው አሁን ደግሞ እርምጃውን፣ የፊቱን ሁኔታ፣ የሰይፉን አያያዝ መለማመድ ነበረበት፤ ደመወዙ ግን ቆሞ ለሚያዜም ሰው የተተመነው ነበር።

## «ፋውስት» ያለ ወታደር

በጃንዋሪ 1906 የኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ኮረስ ሥራ አቆመ። ሥራ አስኪያጁ ሃይንሪሽ ኮንሪድ ትርኢቱን ከመሰረዝ ይልቅ የጉኖን «ፋውስት» ያለ ኮረስ አሳዩ። በ«ፋውስት» ውስጥ ከጦርነት የሚመለሱ ወታደሮች፣ በበዓል የሚጨፍር የከተማ ሕዝብ አለ፤ በዚያ ምሽት ግን ሁለቱም አልነበሩም። አድማው አጭር ነበር። ቢሆንም ተመልካቹ ማስታወቂያው ላይ ስማቸውን የማያገኛቸው ሰዎች ሲጎድሉ ምን እንደሚጎድል በጆሮው ሰማ።

ዘላቂው ለውጥ የመጣው በሠላሳዎቹ ነው። በብሪታኒያ ኤኩዊቲ የተባለው የተዋንያን ማኅበር በ1930 ተቋቋመ፤ በአሜሪካ ደግሞ ባሪቶኑ ሎውረንስ ቲቤትና ቫዮሊን ተጫዋቹ ያሻ ሃይፌትዝ ከመሥራቾቹ መካከል የነበሩበት የሙዚቃ አርቲስቶች ማኅበር፣ በአጭር ስሙ አግማ፣ በ1936 ቆመ። ዝነኞቹ የመሠረቱት ማኅበር ውሎ አድሮ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ስም ለሌላቸው ነው። በኅብረት ስምምነት ልምምድ ራሱን የቻለ ክፍያ ያለው ሥራ ሆነ፤ የእረፍት ደቂቃ፣ የቀኑ የሥራ ሰዓት ጣሪያና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በጽሑፍ ሰፈሩ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የነበረ ሌላ ታሪክም አለ። የዌልስ ብሔራዊ ኦፔራ በ1943 ካርዲፍ ውስጥ ሲመሠረትና በ1946 የመጀመሪያ ትርኢቱን ሲያሳይ ኮረሱ በሙሉ የአማተር ነበር፤ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ይለማመዱ ነበር። በድምፁ ኃይል ዝና ያተረፈው ይህ ኮረስ ወደ ሙሉ ባለሙያነት የተሸጋገረው በሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። የነፃ ልምምድ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ ይህን ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ ፍቅር ካለ ገንዘብ የግድ አይደለም ለማለት። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሹንም ይመሰክራል። ኦፔራ ቤቱ በዓመት የሚያሳያቸው ሥራዎች ሲበዙና ጉዞው ሲረዝም ቀን ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሊደርስበት አልቻለም፤ ባለሙያ መቅጠር ግድ ሆነ። እዚህ ላይ «መዘምራን» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ እንዳልተጠቀምኩ ልናገር። በእኛ ጆሮ ቃሉ የአገልግሎት ቃና አለው፤ ለአገልግሎት ደግሞ ደመወዝ አይጠየቅም። የኦፔራ ኮረስ ክርክር ግማሹ ይኸው ነው፤ በዜማ የሚተዳደርን ሰው በዜማ እንደሚያገለግል ሰው ማየት።

## አንድ ልምምድ፣ የተለያየ ስሌት

ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አሠራር በጥቅሉ ሦስት መልክ አለው፤ ልዩነቱን ሳይለዩ የሚደረግ ክርክር እርስ በርስ አይገናኝም።

የመጀመሪያው የወር ደመወዝ ነው። መናኸሪያው ጀርመን ናት፤ ሰማንያ ያህል በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፉ የኦፔራ መድረኮች አሏት፣ አብዛኞቹም ቋሚ ኮረስ አላቸው። ልምምዱም ትርኢቱም በደመወዙ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ሙግት «ልምምዱ ይከፈል» አይደለም፤ «ልምምዱ የት ላይ ይቁም» ነው። የጀርመን መድረኮች የኅብረት ስምምነት ከምሽቱ ትርኢት በፊት ድምፅ የሚያርፍበት ሰዓትና ከትርኢት በኋላ የሌሊት እረፍት እንዲኖር ያስገድዳል፤ ኮረሱ ከመደበኛ ግዴታው በላይ ለሚሠራው፣ ለምሳሌ አንድ ድምፃዊ ከመካከል ወጥቶ ትንሽ የሶሎ ሚና ቢጫወት፣ ልዩ ክፍያ ያስቀምጣል። የዚህ ስሌት ጥንካሬ በ2020 ታይቷል። የኮቪድ ወረርሽኝ መድረኮቹን ሲዘጋ ቋሚ የሆኑት የጀርመን ኮረሶች በአብዛኛው በተቀነሰ ሰዓት የደመወዝ ድጎማ ታግዘው ገቢያቸው ሳይቋረጥ ከረሙ።

ሁለተኛው በሰዓት ወይም በክፍለ ጊዜ መክፈል ነው፤ በአሜሪካ መካከለኛና አነስተኛ ኦፔራ ቤቶች የተለመደው ይኸው ነው። ለልምምድ ሰዓት አንድ ተመን፣ ለትርኢት ሌላ። ግልጽነቱ ደስ ይላል፤ የገባህበትና የወጣህበት ሰዓት ይመዘገባል፣ ካለፈ ትርፍ ሰዓት ይታሰባል። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። እያንዳንዱ ሰዓት ወጪ ሆኖ ስለሚታይ አስተዳደሩ ልምምድ ይቀንሳል፤ ድምፃዊው «ተዘጋጅቶ እንዲመጣ» ይነገረዋል። ተዘጋጅቶ መምጣት ማለት ግን የቀረው ልምምድ ወደ ቤቱ ተዛወረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ለትርኢት ብቻ መክፈል ነው። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ከቦታ ቦታ እየተጋበዙ የሚሠሩ የሶሎ ድምፃውያን በተለምዶ የኖሩበት ሥርዓት ነው፤ ሳምንታት ይለማመዳሉ፣ ገንዘቡ የሚመጣው መጋረጃው ሲገለጥ ነው። በ2020 ትርኢቶች ሲሰረዙ ብዙዎቹ ለልምምዳቸው ምንም ሳያገኙ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ለኮረስ ይህ ስሌት በትልልቅ ቤቶች የለም፤ በትናንሾቹ ግን ለሙሉ ሥራው አንድ ጥቅል ገንዘብ ሰጥቶ ልምምዱን ሳይቆጥሩ ማለፍ የዚሁ ዘመድ ነው።

እነዚህ ስሌቶች አንዳንዴ በአንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ትልልቅ ቤቶች ከቋሚው ኮረስ ሌላ «አይዳ»ን ለመሳሰሉ ሥራዎች የሚጠሯቸው ተጨማሪ ድምፃውያን አሏቸው። ሁለት አልቶዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ ያንኑ ኖታ ይዘው፣ ያንኑ አሠልጣኝ እያዩ ይለማመዳሉ። አንዷ የዓመት ደመወዝ፣ የሕክምና መድንና ጡረታ አላት፤ ሌላዋ የምትቆጥረው የዛሬውን ሰዓት ነው። ስለ ኮረስ በጥቅሉ የሚነገር አማካይ ደመወዝ ሁለተኛዋን አይጨምርም።

## ሥራ የሚባለው የቱ ነው?

በሠራተኛ ሕግ ዘንድ ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አሠሪው ያዘዘውና የተጠቀመበት ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው። በኦፔራ ውስጥ ግን ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ልብስ መልበስና ሜካፕ መቀባት ሥራ ነው? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1956 በባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ፣ የሥራው ጠባይ ያስገደደው ልብስ መቀየርና ገላ መታጠብ የሚከፈልበት ጊዜ መሆኑን ወስኗል። ሰውነቱን በቀለም ተቀብቶ፣ ከባድ ዊግ ደፍቶ ለሙሉ ልምምድ የሚቆም ድምፃዊ ከዚያ አመክንዮ የራቀ አይመስለኝም፤ ጠንካራ የኅብረት ስምምነቶችም የመቀባቱንና የመልበሱን ጊዜ ከሥራ ሰዓት ይቆጥሩታል።

ከባዱ የቃል ጥናት ነው። ኮረስ ቼክኛውን፣ ሩሲያኛውን፣ ጀርመንኛውን በቃሉ ይዞ ነው መድረክ የሚወጣው። የኦርኬስትራ ተጫዋች ኖታው ፊቱ ተዘርግቶለታል፤ የኮረስ ድምፃዊ ግን እጁ ባዶ ነው። ይህ ጥናት የግል ሙያ ብቃት ነው የሚሉ አሉ፤ ጠበቃ ሕግ አንብቦ እንደሚመጣው። ክርክሩ ውኃ የሚቋጥረው ለሙያው አጠቃላይ ዕውቀት ነው። አንድ የተወሰነ አዲስ ሥራ፣ አንድ የተወሰነ ቤት ባዘዘው ቀን፣ ለዚያ ቤት ብቻ በቃል መያዝ ግን አጠቃላይ ዕውቀት አይደለም፤ የዚያ ምርት አካል ነው። ለእኔ ይህ ልዩነት በክርክሩ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

የበጎ ፈቃድ ጉዳይም እዚህ ይገባል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙ የነፃ ውል ሠራተኞች እንደ ተቀጣሪ እንዲቆጠሩ ያደረገው ሕግ በ2020 መጀመሪያ ሥራ ላይ ሲውል ትናንሽ የኦፔራ ቡድኖች ተጨነቁ፤ ለእያንዳንዱ የልምምድ ሰዓት ቢያንስ ዝቅተኛውን ደመወዝ መክፈል ማለት ለአንዳንዶቹ መዘጋት ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሕጉ ተሻሽሎ ለሙዚቀኞች ሰፊ ልዩ ሁኔታዎች ተጨመሩ። በአንድ ወገን፣ ትንሹ ቡድን ከተዘጋ ጀማሪው የሚማርበት መድረክ ያጣል የሚለው ስጋት እውነት ነው። በሌላው ወገን፣ በነፃ መለማመድ የሚችለው ሌላ የሚያበላው ያለው ሰው ብቻ ነው፤ የድሃ ልጅ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር ሳምንታት ያለ ገቢ ሊለማመድ አይችልም።

## ድምፅና አካል

ስለ ገንዘብ ሲወራ የሚረሳው ልምምድ አካልን የሚያደክም ሥራ መሆኑ ነው። ሶሎ ድምፃዊ በልምምድ ላይ ድምፁን ቆጥቦ በግማሽ ኃይል ማሰማት ይፈቀድለታል። ኮረስ ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ አሠልጣኙ የድምፆቹን ሚዛን መስማት ይፈልጋልና። ጠዋት አንዱን ኦፔራ በሙሉ ድምፅ ተለማምዶ ማታ ሌላውን ማሳየት የብዙ ኮረሶች የተለመደ ቀን ነው። ከዚህም ላይ ያዘመመ የመድረክ ወለል፣ ደረጃ፣ ሰው ሠራሽ ጭስ ይጨመራል።

በሴፕቴምበር 2012 ለንደን በሮያል ኦፔራ ሃውስ የዋግነር «ዲ ቫልኩረ» ልምምድ ላይ ከነሐስ መሣሪያዎች ፊት የተቀመጠ አንድ የቪዮላ ተጫዋች ጆሮው ተጎዳ፤ ድምፁ በጫፉ ከ130 ዴሲቤል አልፎ ነበር። ቤቱ የጥበቡን ዋጋ ጠቅሶ ተከራከረ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2018፣ ይግባኝ ሰሚው በ2019 ኃላፊነቱን በቤቱ ላይ አጸኑ፤ የድምፅ ደህንነት ደንብ ለፋብሪካ አንድ፣ ለኦፔራ ቤት ሌላ አይደለም ተባለ። ተጎጂው የኮረስ አባል ባይሆንም ፍርዱ ለኮረስም ይሠራል፤ ጉዳቱም የደረሰው በልምምድ ላይ ነበር።

በማርች 2020 በዋሽንግተን ግዛት ስካጊት ቫሊ የአማተር ኳየር 61 ሰዎች ሁለት ሰዓት ተኩል ተለማመዱ። ከመካከላቸው አንዱ በኮቪድ የታመመ ነበር። 53ቱ በበሽታው መያዛቸው ተረጋገጠ ወይም ሳይያዙ አልቀሩም ተባለ፤ ሁለቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የልምምድ ክፍል ስፋት፣ አየር ማዘዋወሪያና ርቀት የድርድር ነጥብ ሆኑ። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ኮረስ የሚለማመድበት ክፍል መስኮት የሌለው ምድር ቤት መሆኑ ማንንም አላስጨነቀም ነበር።

## ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የአስተዳደሮቹ ጠንካራ መከራከሪያ በኢኮኖሚስቶቹ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 የተጻፈ ነው። ፋብሪካ በማሽን ምርታማነቱን ያሳድጋል፤ አንድ ኳርቴት ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጠየቀውን ሰውና ጊዜ ዛሬም ይጠይቃል። የሌላው ዘርፍ ደመወዝ ሲያድግ የጥበቡም ማደግ ስላለበት ጉድለቱ በየዓመቱ ይሰፋል። መከራከሪያው እውነት ነው፤ ግን የሚያስረዳው ወጪው ለምን እንደሚያድግ ነው። ማን ይሸከመው ለሚለው መልስ የለውም።

በ2014 በሜትሮፖሊታን የሆነው ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሥራ አስኪያጁ ፒተር ጌልብ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነበረው በጀት ሁለት ሦስተኛው ወደ ሠራተኛ ይሄዳል ብለው 16 በመቶ አካባቢ ቅነሳ ጠየቁ። የሙሉ ጊዜ ኮረስ አባል በአማካይ 200 ሺህ ዶላር ያህል እንደሚያገኝ ለጋዜጦች ተነገረ። የኮረሱ ማኅበር አግማ ይህ ገንዘብ በስድስት የሥራ ቀናት፣ በትርፍ ሰዓትና በተደራራቢ ልምምድ የመጣ ነው ብሎ መለሰ፤ ልምምዱን ያበዛውም የአዳዲስ ዝግጅቶች ብዛት ነው አለ። በ«ልዑል ኢጎር» መድረክ ላይ ለተዘራው የፖፒ አበባ ማሳ 169 ሺህ ዶላር መውጣቱም የማኅበራቱ ማስረጃ ሆነ። በመጨረሻ የተስማሙት በ3.5 በመቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ በሌላ 3.5 በመቶ ቅነሳና አስተዳደሩም ከሌላ ወጪው እንዲቀንስ ነበር። በእኔ ሚዛን ማኅበሩ አንድ ነጥብ አስጨብጧል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የድምፃዊው ስግብግብነት መለኪያ ሳይሆን የዝግጅት ዕቅዱ ጥራት መለኪያ ነው። ልምምዱን የሚጠራው ኮረሱ አይደለም።

ያም ቤት በኤፕሪል 2020 ኮረሱንና ኦርኬስትራውን ያለ ደመወዝ አሰናበተ፤ የሕክምና መድናቸው ብቻ ቀጠለ። በ2021 መጀመሪያ በሳምንት እስከ 1,543 ዶላር ጊዜያዊ ክፍያ ሲቀርብ ወደ ድርድር ጠረጴዛ መመለስ ቅድመ ሁኔታው ነበር።

## ዓመቱ ሲያጥር

አሁን የጋለው ክርክር ከሰዓቱ ወደ ወሩ ተሻግሯል። በ1945 ኮረሱ ራሱ ዋና ባለታሪክ የሆነበትን የብሪተን «ፒተር ግራይምስ» ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው የሳድለርስ ዌልስ ቡድን በ1974 የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራ ተባለ። በ2016 አስተዳደሩ ኮረሱን ከ44 ወደ 40፣ ውሉን ወደ ዘጠኝ ወር ለማውረድ ሲነሳ ኮረሱ የፊሊፕ ግላስን «አክናተን» የመጀመሪያ ገቢር እንደማያዜም አስታወቀ፤ አድማው በስምምነት ቀረ። በ2022 የመንግሥት ድጋፍ ከተናጋና ወደ ማንችስተር የመዛወር ዕቅድ ከመጣ በኋላ ስድስት ወር ተባለ፤ በ2024 መጀመሪያ ከሌላ የአድማ ዛቻ በኋላ በሰባት ወር ተስማሙ። በዚያው ዓመት ወደ ባለሙያነት ለመሸጋገር ሠላሳ ዓመት ግድም የፈጀበት የዌልስ ኮረስም በደመወዝና በአባላት ቁጥር ቅነሳ ምክንያት ድምፅ ሰጥቶ ለአድማ ተዘጋጀ። ሮም በ2014 ከሁሉም የከፋ ነበር። የኦርኬስትራ መሪው ሪካርዶ ሙቲ «አይዳ»ን ከመምራት ከወጡ በኋላ የኦፔራ ቤቱ ቦርድ መላውን ኦርኬስትራና ኮረስ፣ 182 ሰዎችን፣ ለማሰናበት ወሰነ፤ በኖቬምበር ውሳኔው ተሻረ።

ከፊል ዓመት ውልን የሚደግፉ፣ ትርኢት በሌለበት ወር ደመወዝ መክፈል ቤቱን ይገድለዋል ይላሉ፤ ድምፃዊውም ሌላ ሥራ ለመሥራት ነፃ ይሆናል። የሚቃወሙት የኮረስ ድምፅ የሚዋሃደው አብሮ በመቆየት ነው ይላሉ፤ አንድ ሰው የጎረቤቱን ትንፋሽ የሚለምደው በዓመታት ነው። ለሁለተኛው ወገን አደላለሁ። ሰባት ወር ተቀጥሮ አምስት ወር ሌላ ቦታ የሚሠራ ድምፃዊ ብቃቱን ባያጣ እንኳ ጊዜውን ያጣል። የመጪው ወቅት ኖታ ቤቱ የሚደርሰው ውሉ ባልጀመረበት ወር ነው፤ የሚያጠናው ከቀን ሥራው ተመልሶ ማታ ነው።

ያልተፈታው ቋጠሮም እዚያው አለ። ለቃል ጥናት ይከፈል ቢባል እንኳ በምን ይለካ? «አይዳ»ን ለሃያኛ ጊዜ የምታዜመው ሶፕራኖ ኖታውን ከፍታ ባታየው ትችላለች፤ ከጎኗ ትናንት የተቀጠረችው ግን ሁለት ወር ሌሊቷን አሳልፋበታለች። በሰዓት ቢለካ የመጀመሪያዋ ምንም፣ ሁለተኛዋ ብዙ ታገኛለች። ለሥራው በጥቅል ቢከፈል እኩል ያገኛሉ፤ የመጀመሪያዋም ሃያ ዓመት ቀድማ ያለ ክፍያ ያጠናችው ዋጋ ያገኛል። ሁለተኛው ስሌት ይሻላል ባይ ነኝ፤ እስከዚያው ሁለቱም በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጠዋት ግጥሙን በቃላቸው ይዘው ይገባሉ፣ ሰዓቱም የሚቆጠረው ከዚያች ደቂቃ ነው።